ለእንግዳ የተለቀለቀ ግድግዳ

በወረታ የቅዳሜ ገበያ፣ ከሸክላ ተራው ጫፍ ላይ፣ አንዲት የገጠር ሴት የገዛችውን ድስት በነጠላዋ ቋጥራ ስትነሣ ጭቃው አንሸራተታት። እሷ እንደምንም ቆመች፤ ድስቱ ግን ድንጋይ ላይ አረፈ። ድምፁን ስትሰማ ቋጠሮውን ሳትፈታ እዚያው ቁጭ አለች። ፈትታ ማየት አልፈለገችም። እንደዚያ ቁጭ ያለ ሰው ያየ ሁሉ ነገሩ የድስት ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል።

ሻጯ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ቀጠን ያለች፣ ጠይም፣ ዕድሜዋ ከሃምሳ ያለፈ ሴት ናት። ቋጠሮውን ራሷ ፈታች፤ ስብርባሪውን አገላብጣ አየችና “እሰይ!” አለች።

“ምኑ ነው እሰይ?” አለች ሴትዮዋ።

“ገል አጥቼ ሥራ ፈትቼ ከርሜ ነበራ! ገል ተፈጭቶ ካልገባበት ጭቃው እሳት አይችልም። በይ ይኸን ለእኔ ተይልኝና አንቺ ያንን ውሰጂ።” ከደረደረቻቸው ድስቶች ደህናውን አንሥታ በሴትዮዋ ነጠላ አጥብቃ ቋጠረችላት። ሴትዮዋ መርቃ አልበቃት ብሎ እየዞረች እያየቻት ሄደች።

ገና ከዓይን ሳትርቅ አጠገብ የተቀመጠችው ሌላዋ ሸክላ ሻጭ፣ “አንቺ፣ ደጅሽ በገል ተሞልቶ መግቢያ የለው! የምን ማጣት ነው?” ብላ ሳቀችባት።

“ዝም በይ፣ ትሰማሻለች” አለች ሻጯ።

ይህን የሚጽፈው ሰው በዚያች ሰዓት እዚያ የተገኘው የሐምሌ ዝናም እስኪያባራ ሸራ ሥር ተጠልሎ ነበር። እግዚአብሔር ዝናሙን ለሩዙ ብቻ ሳይሆን ለእንዲህ ያለውም ነገር ያዘንመዋል መሰል። ሰውዬው የሻጯን ስም ጠየቀ፤ በኋላም ቤቷ ድረስ ሄደ፤ ደጋግሞ ሄደ። የሚከተለው እሷና ጎረቤቶቿ ያጫወቱት ነው።

ስሟ ጸሐይነሽ ነው። የምትኖረው ከከተማው ዳር፣ ሰው ሁሉ “ካምፑ” በሚለው ሰፈር ነው። ካምፑ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ረጃጅም የቤት ረድፎች ናቸው። በደርግ ጊዜ፣ ሩዝ ለፎገራ ሜዳ ገና እንግዳ በነበረበት ዘመን፣ አንድ የእርሻ ፕሮጀክት ለሠራተኞቹ አሠራቸው። ቀጥ ያሉ፣ ጌጥ የማያውቁ የብሎኬት ቤቶች ናቸው፤ ከወገብ በላይ ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ቆመዋል። ፊታቸው ከዳር እስከ ዳር አንድ በረንዳ ነው። ከመስኮቶቹ በላይ ነፋስ የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው ብሎኬት ተደርድሯል፤ ወፎች ጎጆ ይሠሩበታል። የኃላፊው በር ከዘበኛው በር አይለይም። አንዱ ቤት የሚያልቅበት ግድግዳ የሌላው መጀመሪያ ነው። ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ሲያያቸው “ጋጣ ይመስላሉ” ይላል። ለጸሐይነሽ ግን በምድር ላይ እንደ እነሱ ያለ ቤት የለም። ለምን እንደ ሆነ ለማወቅ ከየት እንደ መጣች ማወቅ ያስፈልጋል።

የተወለደችው ከአንበሳሜ ወዲያ፣ ሸክላ ሠሪዎችና ብረት ቀጥቃጮች ከገበሬው ሰፈር ገለል ብለው በሚኖሩበት ተረተር ላይ ነው። ገበሬው ድስታቸውን ይገዛል፣ ማረሻውን ያስቀጠቅጣል፤ ቤታቸው ገብቶ ግን አይበላም። የአንድ ገበሬ ሕፃን ድንገት ሲታመም ዓይን ሁሉ ወደ ተረተሩ ይዞራል። “እናቴ የገበሬ ሕፃን ስታይ ፊቷን ታዞር ነበር” ትላለች ጸሐይነሽ። “ሕፃን ትወድ ነበርኮ፤ ነፍሷ ነው። ግን ካየችው በኋላ ቢያተኩሰው ምን ይሏታል?”

ባሏ ወገኔ ቀጥቃጭ ነበር። ፕሮጀክቱ የትራክተር ማረሻ የሚጠግን ሰው ሲፈልግ ተቀጠረና ቤት ተሰጠው። ማን የማን ዘር እንደ ሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ ቁልፍ ብቻ ሰጡት። ጸሐይነሽ ገና ሙሽራ ነበረች። በገባች ቀን መዳፏን ግድግዳው ላይ አድርጋ፣ “ከዚህ ወዲያ ማን አለ?” አለችው።

“ሾፌር ነው። ሚስቱ የቁሐር ሚካኤል አገር ልጅ ናት።”

“የገበሬ ልጅ?”

“የገበሬ ልጅ።”

“እንመለስ” አለችው።

አልተመለሱም። ነገር ግን ለብዙ ጊዜ ጸሐይነሽ በገዛ ቤቷ በሹክሹክታ ኖረች። ሸክላ ሠሪነቷ እንዳይታወቅ ጭቃ አልነካችም። ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ሴት ስትዘፍን፣ ባሏን ስትቆጣ፣ በርበሬ ስትወቅጥ ትሰማለች። ውዳሴ ትባላለች። ድምፅዋን ወደደችው፤ ፊቷን ግን ፈራችው።

ከዚያ አንድ ክረምት ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ባሕር ሆነ፤ ወገኔ በሥራ ላይ እያለ መንገድ ተዘጋበት። ጸሐይነሽን የመጀመሪያ ምጧ ያዛት። ነጠላዋን ነክሳ ዝም አለች። ብትጮህ ማን ይመጣላታል? ሆኖም ሰው ነክሶ የማይችለው ሕመም አለ፤ አንድ ጊዜ ጩኸት አመለጣት። ወዲያው ግድግዳው ተመታ። ውዳሴ በማማሰያ እየመታች፣ “አንቺ! ብቻሽን ነሽ?” ትላለች። መልስ ሳትጠብቅ በበረንዳው መጥታ ገባች። ልጅቱን ተቀበለች፣ እትብት ቆረጠች፣ ገንፎ አገነፋች። አጉርሳት ለራሷም ልትቆርስ ስትል ጸሐይነሽ የውዳሴን እጅ ገፋ አድርጋ፣

“እትዬ፣ አይብሉ። እኔ… እኛ ሸክላ ሠሪዎች ነን” አለቻት።

ውዳሴ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ከገንፎው መሐል፣ ቅቤው ካለበት፣ ትልቅ አድርጋ ቆርሳ ጎረሰች። እያላመጠች፣ “እንዲያውም ጨው አንሶታል” አለች። “ሸክላ ሠሪ ከሆንሽማ ምን አባትሽ ትደብቂኛለሽ? እኔ ድስቴ ከተሰነጠቀ ስንት ጊዜው!”

ጸሐይነሽ ይህን ስታወራ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ትስቃለች፤ ከዚያ ዓይኗን ትጠርጋለች። “በእኔ ቤትና በእሷ ቤት መሐል እንደ አገራችን ሜዳ ቢኖር ኖሮ ትሰማኝ ነበር?” ትላለች። “አንድ ግድግዳ ስለ ሆነ ነው የሰማችኝ። የሠራውን እጅ እግዚአብሔር ይባርከው፤ ማን እንደ ሆነም አላውቅም።”

ዓመታት አለፉ። ፕሮጀክቱ ቀረ፤ ቤቶቹ የቀበሌ ሆኑ። ወገኔ ዐረፈ፤ የውዳሴም ባል ዐረፈ። የዚያን ቀን የተወለደችው ይርጋለም አግብታ ባሕር ዳር ወጣች። የፊተኛው ረድፍ በአሮጌ ነዋሪዎች እንደ ተሞላ ነው፤ የኋለኛው ግን ከጊዜ በኋላ ባዶውን ቀርቶ በሩ ተቆለፈ፣ ቆርቆሮው ዛገ። ጸሐይነሽ በረንዳው ላይ ሸክላዋን በግልጽ ትሠራለች። በክረምት፣ ሜዳው ሲሞላ፣ የቁሐር ገበሬዎች ጥጃና ዕቃቸውን ይዘው በከፍታው በረንዳ ላይ ይጠለላሉ። ማንም አልደነገገውም፤ በረንዳው ረጅም ስለ ሆነና ውሃ ስለማይደርስበት ብቻ እንዲያ ሆነ።

ባለፈው ሚያዝያ የቀበሌው ሰው ባየህ በረንዳው ላይ ሰበሰባቸው። ፊቱ ቀና አይልም። ቤቶቹ አርጅተዋልና ይፈርሳሉ፤ በቦታው ፎቅ ይሠራል፤ ለነዋሪው ምትክ ይሰጣል አለ። ለጡረተኞች አንድ ቦታ፣ ለሌሎች ሌላ ቦታ፤ “ለባለ እጆች ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አፈሩም የሚቀርብበት፣ ጭሱም ሰው የማይረብሽበት ቦታ ታስቦላችኋል።”

በቅንነት ነው የተናገረው። ጸሐይነሽ ግን የሰማችው አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ ወጣ ያለ ቦታ። ያንን ተረተር ታውቀዋለች። ከውዳሴ በሜዳ የሚለያትን ቦታ ከእናቷ ማኅፀን ጀምሮ ታውቀዋለች።

“ነገር ግን አንድ ተስፋ አለ” አለ ባየህ። “ከባሕር ዳር አንዲት መሐንዲስ ትመጣለች። ‘ቤቱ ጤነኛ ከሆነ ለምን ይፈርሳል? ተጠግኖ የፊተኛው ረድፍ ለነዋሪው ይሁን፤ የኋለኛው ለሸማኔው፣ ለቀጥቃጩና ለሸክላ ሠሪው መሥሪያና ማደሪያ ይሁን፤ በረንዳው እንደ ልማዱ የክረምት መጠለያ ይሁን’ ብላ የተከራከረችው እሷ ናት። መጥታ በዓይኗ ታያለች፤ ከዚያ ያለችው ይሆናል።”

ሰው ሁሉ ተነፈሰ። ጸሐይነሽ ቀድማ ተነሣች።

“እንግዳ ሊመጣ ነዋ!” አለች።

በዚህ አገር እንግዳ ሊመጣ ሲል ወይም ዓውደ ዓመት ሲደርስ ምን እንደሚደረግ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ግድግዳ ይለቀለቃል። ያልተለቀለቀ ግድግዳ ይዞ እንግዳ መቀበል ሳይታጠቡ ቤተ ክርስቲያን እንደ መሄድ ነው። የካምፑ ግድግዳ ደግሞ አሳፋሪ ሆኖ ነበር፤ ቀለሙ ተልጧል፣ ብሎኬቱ ጠቁሯል፣ እርጥበት ካርታ ሥሎበታል። ስለ ጭቃ ከጸሐይነሽ በላይ የሚያውቅ የለምና አለቃዋ እሷ ሆነች። ቀይ አፈር ከጣራ ገዳም በኩል ካለው ኮረብታ በአህያ አስመጣች። ውዳሴ የላሟን እበት ሰጠች። የጤፍ ጭድ ተከተፈ። ጭቃው ተረገጠ፣ ተቦካ፣ ተኛ፣ እንደ ገና ተቦካ።

ሸማኔው መንግሥቴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጭቃ ሲረግጥ፣ “እትዬ ጸሐይ፣ መሐንዲሷ ሙሽራ ልትወስድ ነው እንዴ የምትመጣው?” አለ።

“አንተን ብትወስድልን በስንት ጣዕሟ!”

“እኔን አይታ ቤቱን ብትረሳውስ?”

“ያኔ ለቤቱ ሳይሆን ለዓይኗ ነው የምናዝነው” አለች ውዳሴ፣ እበት የያዘውን እጇን እያራገፈች። በረንዳው በሳቅ ሞላ።

የፊተኛው ረድፍ ከድንጋዩ መሠረት ጀምሮ እስከ ቆርቆሮው ሥር ተለቀለቀ። የኋለኛውንም ባዶ ነው ብለው አልተዉትም። ጸሐይነሽ በመዳፏ አለሰለሰችው፤ በነጭ አፈር የመስኮቶቹን ዙሪያ አደመቀችው፤ ከውዳሴ በር በላይ በአውራ ጣቷ ትንሽ መስቀል አበጀች። ሲያልቅ ሁሉም ወደ ሜዳው ወርደው ከሩቅ አዩት። ግራጫው ካምፕ የገብርኤል ዕለት የገጠር ቤት መስሏል። ጸሐይነሽ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። እዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ፣ ከራሷ እጅ ለሁሉም የሰጠችው የመጀመሪያው ነገር እንደ ሆነ ተሰማት።

መሐንዲሷ በመጣችበት ቀን ከንጋት ጀምሮ ዝናም ወረደ። ጭቃው ገና በወጉ አልደረቀም ነበር። ፀደይ ትባላለች፤ ወጣት ናት፤ ትልቅ ጃንጥላ ይዛ ከመኪናው ወረደች። ነዋሪው የክት ልብሱን ለብሶ በበረንዳው ላይ ተሰልፏል። ቀይ ውሃ በደረጃው ይወርዳል።

“ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ!” አለች ውዳሴ።

“እግዜር ይስጥልኝ እናቴ፤ ገና ብዙ የማየው ቦታ አለኝ፣ እቸኩላለሁ” አለች ፀደይ። ወደ ግድግዳው ተጠጋችና የጃንጥላዋን ጫፍ ጫን አደረገች። ገባ። ጸሐይነሽ ልስላሴውን የምትሞክር መሰላት፤ ልቧ ሞቀ።

“ይኼ ጭቃ ነው?” አለች ፀደይ።

“ጭቃ ነው የኔ እመቤት!” አለች ጸሐይነሽ ፊቷ እየበራ። “ከላይ እስከ ታች ጭቃ ነው። አፈሩን ከኮረብታው ድረስ ነው ያስመጣሁት።”

ባየህ ከመኪናው ወዲያ ሹፌሩን መንገድ ያሳይ ነበርና አልሰማም። ከነዋሪው ማንም ቃል አልጨመረም፤ እንግዳ ፊት የሚናገር አንድ ሰው ይበቃል። ፀደይ በደረጃው ላይ የሚወርደውን ቀይ ውሃ አየች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ አመስግና ሄደች።

“ወደደችው!” አለች ውዳሴ። ጸሐይነሽ፣ “እግዚአብሔር ይመስገን” ብላ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰች።

ግንቦት ሳያልቅ ባየህ ተመለሰ። በረንዳው ላይ ቁጭ አለና ለረጅም ጊዜ ባርኔጣውን አሽከረከረ። “ምን እንደ ሆነ አልገባኝም” አለ። “ቤቶቹ የጭቃ ናቸው፤ ውሃ እየሸረሸራቸው ነው፤ ሰው ሳይደረመስበት ከክረምቱ በፊት ይውጣ ተብሏል። ስልክ ደውዬ ‘እመቤቴ፣ የብሎኬት ቤት ነውኮ’ ብላት፣ ‘በዓይኔ አይቻለሁ፤ ነዋሪዎቹንም ጠይቄ ነግረውኛል’ አለችኝ።”

መጀመሪያ የገባው መንግሥቴ ነው። ምንም ቀልድ አልመጣለትም። ቀስ ብሎ ወደ ጸሐይነሽ ዞረ፤ ከዚያ ሁሉም ዞሩ። ክፉ አስተያየት አልነበረም። እሷ ግን ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ሲዞር የምታውቀው አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ተነሥታ ቤቷ ገባችና ዘጋች።

ግድግዳው ተመታ። አልመለሰችም። እንደ ገና ተመታ። በመጨረሻ ውዳሴ በበረንዳው መጥታ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀመጠች።

“ጸሐይ፣ ክፈቺ።”

በሩ አልተከፈተም።

“እንግዲያው እዚሁ ነኝ። ጉልበቴ እንደሚያመኝ ታውቂያለሽ፤ ሲሚንቶው ደግሞ ይበርዳል። ብታመም በአንቺ ነው።”

“ሂጂ ውዳሴ። ቤትሽን አፈረስኩብሽ።”

“ቤቴን አሳመርሽልኝ እንጂ መቼ አፈረስሽብኝ? ደግሞስ እበቱ የማን ነው? የእኔ ላም እበት ባይሆን እንዲያ ይጣበቅ ነበር? በይ ጥፋቱን ላሚቱ ጭምር ለሦስት እንካፈለው።”

ከውስጥ ትንሽ ድምፅ ተሰማ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ውዳሴ መለየት አልቻለችም።

“እነሱ ‘ሸክላ ሠሪዋ ናት’ ይላሉ” አለች ጸሐይነሽ።

“ማነው እነሱ? እኔ እነሱ ነኝ! ልጄ ሲያተኩሰው ማን ነበር ታቅፎ ያደረው? አንቺ አይደለሽም? ያኔ ማንም ምንም ካላለሽ ዛሬ ስለ ጭቃ ማን ምን ይልሻል? ክፈቺ አንቺ ሴት!”

ጸሐይነሽ ከፈተች። ዓይኗ ቀልቷል። ግን በእጇ ባልዲና አሮጌ መጥረጊያ ይዛለች።

“እንጠበው” አለች።

ሰዎቹ ቶሎ እሺ አላሉም። ያፈሩት ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ እሷ ነው። የእጅዋን ሥራ በፊቷ ማፍረስ ከብዷቸው ነበር። ስለዚህ እሷ ከራሷ በር ጀመረች። ውሃ ረጨችና በመጥረጊያው ላገችው። ያለሰለሰው መዳፍ ያውቀዋልና የት እንደሚላቀቅ ገባት። ብሎኬቱ ግራጫውን ሆኖ ብቅ አለ። ከዚያ መንግሥቴ ባልዲ አመጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ውዳሴ ብቻ ከበሯ በላይ ካለው መስቀል ዘንድ ስትደርስ ቆመች።

“ይህችን አልነካም” አለች።

“ተዪኝ፣ እኔ አነሣታለሁ።”

“ጸሐይ፣ መስቀል ነው።”

“መስቀሉን ያደረግሁት ቤትሽን እንዲጠብቅ ነው። ቤቱ ከሌለ ምኑን ይጠብቃል?” አለችና አማትባ፣ ተሳልማ፣ በእርጥብ መዳፏ ቀስ አድርጋ አነሣችው። ሰኔ እስኪገባ ካምፑ እንደ ድሮው ሆነ፤ አሮጌ፣ ግራጫ፣ እርጥበት ካርታ የሣለበት። ማንም እንዲህ አስቀያሚ ሆኖ ደስ ብሎት አያውቅም።

ባየህ ደጋግሞ ደወለ፤ ፀደይ አንድ ቀን ከጎንደር ስትመለስ ጎራ አለች። ከመኪናዋ ወርዳ ቆመች። መዶሻ አምጥታ ግድግዳውን ቶክ ቶክ አደረገችው፤ የብሎኬት ድምፅ ሰጠ። በሌላ ቦታ መታች፤ ያው ነው። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ውዳሴ ቤት ገባች። ውስጡ ጭቃ ነክቶት የማያውቅ የሲሚንቶ ልስን ነው። ዙሪያውን አይታ ወጣችና በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

“ውጪውን የለቀለቀው ማነው?” አለች።

“እኔ ነኝ” አለች ጸሐይነሽ።

“ለምን እናቴ?”

“እርስዎ ሊመጡ ነው ብለው ነዋ!”

ፀደይ ወደ ግድግዳው ቀና አለች። “እኔስ ግቢ ስባል ብገባ ኖሮ” አለች። “ያኔ ገብቼ ውስጡን ባይ አልሳሳትም ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ።”

“አንቺ ልጅ ምን አጠፋሽ? ዝናም ነበር” አለች ውዳሴ፣ ደግሞ የሚበላ ይዛ መጣች።

ፀደይ የነገረቻቸው መልካምም ከባድም ነገር ነበር። ቤቶቹ ጤነኛ ናቸው፤ ቆርቆሮው ግን ይቀየራል፣ የኋለኛው ረድፍ አንዱ ጫፍ መሠረቱ ይጠገናል። እንዳይፈርሱ አሁኑኑ ትናገራለች። “ነገር ግን ባዶ ቤት ማንም አይጠግንም” አለች። “ለመስቀል ከበላዮቼ ጋር ተመልሰን ስንመጣ የኋለኛው ረድፍ ሰው ገብቶበት፣ ሥራ ሲሠራበት ማየት አለብን። ሸማኔ አለ፤ ቀጥቃጭም ይገኛል። ሸክላ ሠሪዎቹስ? ቤቱ የታሰበው በይበልጥ ለእነሱ ነው። ካልመጡ ግን ‘ባዶውን አቆይተን ምን እናድርገው?’ ይሉኛል፤ ያኔ የፊተኛውም አይተርፍም።”

“ይመጣሉ” አለች ጸሐይነሽ። ወደ ተረተሩም በማግስቱ ሄደች።

አልመጡም። መንግሥቴ መሸመኛውን በኋለኛው ረድፍ ተከለ፤ ሁለት ቀጥቃጮች ወናፋቸውን አመጡ። ሸክላ ሠሪዎቹ ግን ሁሉም የሚያዩት ወደ ጸሐይነሽ ታናሽ እህት ወደ ወለተ ሐና ነው። በተረተሩ ላይ እንደ እሷ የሚደመጥ ሴት የለም። እሷ ከመጣች ይመጣሉ። ወለተ ሐና ደግሞ እህቷን አቅፋ ስማ፣ አብልታ፣

“ከገበሬ ጋር በአንድ ግድግዳ? አላደርገውም” አለቻት። “አንቺ ዕድል ሆኖልሽ አንዲት ደግ ሴት ገጠመችሽ። እኔን የማን ልጅ ሲያመው እንደሚያሳብቡኝ በምን አውቃለሁ? እዚህ ቢያንስ ሜዳው ይለየናል።”

ጸሐይነሽ የገንፎውን ነገር ነገረቻት። ወለተ ሐና ታሪኩን መቶ ጊዜ ሰምታዋለች። “እሱ የአንቺ ነው” አለቻት። “እኔ ቤት ማን ገብቶ በላ?”

ይህን የሚጽፈው ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ካምፑ የሄደው ፍልሰታ እንደተፈታ ነው። ሜዳው ሞልቶ፣ ሩዙ ብቻ ጫፉ ይታያል። በኋለኛው በረንዳ አንድ የቁሐር ቤተሰብ ከጥጃዎቹ ጋር ተጠልሏል፤ የመንግሥቴ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ይላል። ጸሐይነሽ ምሳ አቀረበች፤ ውዳሴም በማማሰያ ተጠርታ መጣች። ሦስቱም ከአንድ ገበታ በሉ። ጸሐይነሽ ብዙ አልበላችም፤ የእንግዳውን እጅ ከገበታው ወደ አፉ ሲሄድና ሲመለስ ታያለች።

“አባትህ ገበሬ ነበሩ አይደል?” አለችው።

“አዎ፣ የዚሁ የፎገራ ገበሬ።”

“እናትህ እንዲህ እኛ ቤት ስትበላ ቢያዩህ ምን ይሉህ ነበር?”

ሰውዬው ጉርሻውን በችኮላ ዋጠ። ውዳሴ፣ “ተዪው እንጂ፣ ጉርሻው አንቆት ይሙት?” አለች። ጸሐይነሽ አልሳቀችም። እጇን ታጥባ፣ በነጠላዋ ጫፍ አድርቃ፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

“ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልለምንህ” አለች። “መስቀል እየደረሰ ነው። ጻፍልኝ አልልህም፤ ሥልጣን ካለው ሰው ዘንድም ሂድልኝ አልልህም። የፊታችን ሐሙስ ወደ አንበሳሜ አብረኸኝ ውጣ። ስለ ካምፑ አንድ ቃል እንዳትናገር፤ ንግግርማ ከእኔ ሰምታ ጠግባለች። ወለተ ሐና ቤት ግባ፣ መደቡ ላይ ተቀመጥ፣ የምታቀርብልህን ብላ። ቀስ ብለህ ብላ። ስትበላ ትይህ።”